ሳይመታ እና ከመታ በኋላ

አፍንጮ የሌባ ጆሮ ነክሳ ከቆረጠች ወዲህ በመንገዳችን ላይ ማንም እጁን ወደ መደርደሪያዋ ሰዶ አያውቅም። ቆረጠች ስል እያጋነንኩ አይደለም። የእኔ ልብስ ስፌት ቤትና የእሷ ሽቶ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰኑት፤ ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ሰውዬው ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ሲሮጥ፣ እሷ ደግሞ በሯ ላይ ቆማ ስትተፋ በዓይኔ አይቻለሁ። መሬት የወደቀችውን ቁራጭ በመጥረጊያ ገፋ ገፋ አድርጋ ቱቦ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ለሌብነት ታጥቦ ነው የመጣው» አለችኝና ወደ ሥራዋ ገባች።

አፍንጮ የሚለውን ስም ያወጣላት የመንገዳችን ሰው ነው፤ እሷም አልተቀየመችም። አፍንጫዋ ትልቅ ሆኖ አይደለም። ከመሀሉ ተሰብሮ፣ ሳይታሽ ሳይጠገን፣ እንዲሁ በጎኑ የገጠመ ነው። የግራው ቀዳዳ ጭራሽ አየር አያሳልፍም። የምታሸተው በቀኙ ብቻ ስለሆነ፣ ሽቶ ሲቀርብላት አንገቷን እንደ ዶሮ ቀለስ ታደርገዋለች። አዲስ ደንበኛ ይህን ሲያይ ሳቁን መዋጥ ያቅተዋል። በዚያች በአንዷ ቀዳዳ ግን እኔ ቤት ጨርቅ ማረር ሲጀምር ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። ግድግዳውን በቡጢ ትደበድብና፣ «መርፌ! ካውያሽ!» ብላ ትጮሃለች። መርፌ ያለችኝ እሷ ናት፤ በሥራዬ ሳይሆን በአፌ ምክንያት ነው ትላለች።

አፍንጫዋን የሰበረው ባሏ ነው። በግንባሩ። ያኔ እሷ ሽቶ የሚያስመጡ ሰዎች መጋዘን ውስጥ ወለል ታጥብ ነበር፤ እሱ ግንበኛ ነበር። ሲመሽ ትምባሆውን እያቦነነ ሩሙን ሲጋት ይቆይና መጥቶ በሩን በእግሩ ይከፍታል። ሰበብ አያጣም። አንድ ቀን ምግቡ ቀዘቀዘ፣ አንድ ቀን ምግቡ ፈጀኝ። በቀበቶ ይመታታል፣ በወንበር እግር ይመታታል፣ እጁ ባዶ ከሆነ በገዛ ጭንቅላቱ ይመታታል። ጠዋት ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል። ታጥቦ፣ ፒፓውን ማር ማር በሚል ትምባሆ ሞልቶ፣ ለራስ ምታቱ ኮኛክ ቢጤ ቀምሶ አልጋዋ አጠገብ ይንበረከካል። እግሯን ይዞ ያለቅሳል። እሷም ታለቅሳለች። አብረው አልቅሰው ሲጨርሱ ተነስታ ቁርስ ትሠራለታለች።

ከእሱ የገላገላት ዘመድም ሕግም አይደለም። መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ እንደ እሱ ያለ ሌላ ሰካራም በብረት ዘንግ ጭንቅላቱን ፈለጠው። ሬሳውን ለይ ብለው ሲጠሯት ሄደች። አንሶላውን ሲገልጡላት ፊቱ ፊት አልነበረም አሉ፤ አንገቷን ቀለስ አድርጋ አሸተተችውና፣ «እሱ ነው» ብላ ወጣች። ወደ ቤቷ ስትመለስ እያፏጨች እንደሄደች ራሷ ነግራኛለች።

ታዲያ ሽቶ የሚቀምሙ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው ይህንኑ ሽታ ጠርሙስ ውስጥ ከተው የሚሸጡት? ሙቀቱ አልፎ ብርዱ ሲገባ ደንበኛው ሁሉ የሎሚውንና የአበባውን ትቶ ሞቅ የሚል ነገር ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ እንደ ሁለቱ የትምባሆ ሽቶዎች የሚሸጥ የለም። አንዱ ቀጭን፣ ረጅም ጠርሙስ ነው፤ ደረቅ የትምባሆ ቅጠል፣ ሩምና የተቃጠለ እንጨት ይሸታል። ሌላው አጭር፣ ድፍን፣ ቂጡ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ጠርሙስ ነው፤ የፒፓ ትምባሆ፣ ኮኛክ፣ ማር፣ ዘቢብና ቫኒላ። ሁለቱም ጥሩ ሽቶዎች ናቸው፤ እኔ ራሴ አሽትቼ ወድጃቸዋለሁ። አፍንጮ ግን ብርዱ እስኪገባ ድረስ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከመጥረጊያው ጀርባ ነው የምትሸጉጣቸው። የፋብሪካ ስማቸውንም አፏ ላይ አታነሳውም። ቀጭኑን «ሳይመታ»፣ ድፍኑን «ከመታ በኋላ» ትላቸዋለች።

«ለመሆኑ የትኛው ይብሳል?» ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያታለሁ።

«ሳይመታ ምን አለበት? እሱ እኮ ያስሮጣል። ሸተተሽ፣ ሮጥሽ፣ አለቀ» አለችኝ። «የሚብሰው ያኛው ነው። እሱ ያስቀምጣል።»

ባለፈው ዓመት ብርዱ ገና ሲጀማምር የዳቦ ቤቷ ልጅ መጣች። ጥግ ካለው ዳቦ ቤት ዳቦ የምትሸጥልን ልጅ ናት፤ ከቅንድቧ ዱቄት አይጠፋም፣ ታላቋን ሁሉ «እትዬ» ትላለች፣ የምትሰጥሽ ዳቦ ከሥር አርሮ እንደሆነ ሳትጠየቅ ትቀይራለች። ከአውቶብስ ሾፌሩ ጋር አንድ ቤት ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሾፌሩን ደግሞ የማያውቀው የለም። በመንገዳችን የሚያልፈውን አውቶብስ የሚነዳው እሱ ነው። አሮጊት ስትሮጥ ካየ አቁሞ ይጠብቃል፣ ጠብታ መጠጥ አይቀምስም፣ ድምፁ ከሹክሹክታ አያልፍም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። «ባል ማለት እንዲህ ነው» እንባባል ነበር እኛ ሴቶቹ።

ያን ዕለት እኔም ሥራ ፈትቼ አፍንጮ ዘንድ ተቀምጬ ነበር።

«ለእሱ ነው፤ ለብርዱ የሚሆን ነገር» አለች ልጅቷ ጉንጯ ቀልቶ። «ግን እንዳይሰማ አደራ። ድንገት ልሰጠው ነው።»

አፍንጮ ሁለቱን ጠርሙሶች አወጣችላት። ልጅቷ ክዳናቸውን እያሸተተች አንዱን ታነሳለች፣ ሌላውን ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሳለች። «ኧረ ግራ ገባኝ! ሁለቱም እሱን እሱን ነው የሚሉኝ» ብላ ሳቀች። አፍንጮ ቀና ብላ አየቻት።

የአፍንጮ አሠራር ሁልጊዜ አንድ ነው። በወረቀት ላይ ማሸተት አትወድም። ሽቶ መጀመሪያ ላይ ይዋሻል፣ እውነቱን የሚናገረው ቆዳ ላይ ካደረ በኋላ ነው ብላ ታምናለች። ስለዚህ አንዱን በቀኝ አንጓሽ፣ ሌላውን በግራ አንጓሽ ትረጭልሽና፣ ሳትታጠቢ አድረሽ በማግስቱ ነይ ትልሻለች። ለልጅቷም እንዲሁ አደረገች፤ ሳይመታን በቀኝ፣ ከመታ በኋላን በግራ።

«ለእሱ ከሆነ እሱ ቆዳ ላይ አይሻልም?» አልኩ እኔ አፌ አያርፍ።

«ድንገት ልሰጠው ነው አለች እኮ፣ መርፌ። ጆሮሽን ሰፍተሽዋል እንዴ?» አለችኝ።

ሦስታችንም ሳቅን። ልጅቷ ሁለት እጆቿን እያወናጨፈች፣ አንዴ ቀኙን አንዴ ግራውን እያሸተተች ሄደች። ሁለት ያረጀን ሴቶች ተቀምጠን፣ በሁለት እጇ የወንድ ሽታ፣ ያውም የመጠጥና የትምባሆ ሽታ ይዛ ወደ ቤቷ ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት መጣች። ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ የተዘረጋችው ቀኝ እጇ ብቻ ናት።

«ግራሽንስ?» አለች አፍንጮ።

«ረስቼ ታጠብኩት፣ እትዬ።»

አፍንጮ አንገቷን ቀለስ አደረገች። «አልታጠብሽም። እዚህ ድረስ ይሸተኛል» አለችና እጇን ይዛ እጅጌዋን ወደ ላይ ገፋችው።

አራት ጣት ከላይ፣ አውራ ጣት ከሥር፣ ልክ እንደ ማኅተም ቁጭ ብሎ ነበር። ቆዳው ጠቁሯል፤ የአንጓው አጥንት አብጦ እጅጌው እንኳ በግድ ነው ያለፈው። ደሜ ፈላ። አፍንጮ ግን ቀስ ብላ በጣቷ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረገችው፤ የት የት እንደሚያም የምታውቅ ሰው ነበር የምትመስለው።

«የሌላ ወንድ ሽታ መስሎት ነው» አለች ልጅቷ እየተጣደፈች። «ማንም ቢሆን እኮ እንዲህ ይመስለዋል! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አስቀድሜ አልነገርኩትም። ሽቶ ቤት ነበርኩ ብዬ ስምልለት አመነኝ። ካመነኝ በኋላማ እግሬን ይዞ ነው ያለቀሰው፣ እትዬ። እንዴት እንዳለቀሰ ብታዪው!»

አፍንጮ የልጅቷን ጣት ያዘችና የራሷ አፍንጫ ላይ፣ አጥንቱ የተጣመመበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። «ዳስሽው» አለቻት። «ይሄም የሚያለቅስ ሰው ሥራ ነው።»

ልጅቷ እጇን ነጠቀቻት። ዓይኗ እንባ ቋጥሯል። «የእርስዎ ባል ሰካራም ነበሩ ይባላል። የእኔ ጠብታ አይቀምስም!»

ይህን ብላ ሳትጨርስ በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ ነበር።

«እንደምን አረፈዳችሁ እናቶቼ» አለ በዚያ በለስላሳ ድምፁ። ሸሚዙ ነጭ፣ ጫማው የተወለወለ። ልጅቷን ግንባሯ ላይ ሳማት። «ትናንት እዚህ ነበርኩ ብላኝ ነው። እኔ እንኳ አምኛታለሁ፤ ግን እግረ መንገዴን ጠየቅ ላድርግ ብዬ ነው። እስኪ ያስሸትቱኝ፣ እናቴ።»

አፍንጮ በቀኝ እጁ ሳይመታን፣ በግራው ከመታ በኋላን ረጨችለት። ቀኙን አሸተተና ተወው። ግራውን ሲያሸት ቆየ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ይሄ ነው። ይሄኛው ነበር» አለ። ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ «አየሽ? አበቃ፣ ምንም የለም» አላት። ልጅቷ ፊቷ በራ፤ ድንጋይ ከላይዋ የወረደላት ነው የመሰለችው። «ይሄን ይጠቅልሉልኝ፣ እናቴ። ደስ ብሎኛል።»

እጇን የጠመዘዘበትን ሽታ ሊቀባው ነው የሚገዛው።

«አይሸጥም» አለች አፍንጮ።

«ለምን?»

«እጇን አይቼዋለሁ።»

ሾፌሩ አልተቆጣም። ድምፁን እንኳ አላነሳም። ወደ ልጅቷ ዞረና፣ «አሳየሻት?» አላት፤ ሕፃን ልጅን ምሳሽን በላሽ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ አባት። ከዚያ በጥፊ አነሳት። ጭንቅላቷ ከግድግዳው መስታወት ጋር ተላትሞ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ሳትወድቅ ያንኑ ያበጠ እጇን ያዘና ወደ ራሱ ጠመዘዘው። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሁለቱም ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። የአፍንጮ እጅ አንዴ ወደ ቀጭኑ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ድፍኑን ያዘ። መምረጥ ሥራዋ አይደል? ድፍኑን አንስታ ቅንድቡ ላይ አሳረፈችበት። ጠርሙሱ አልተሰበረም፤ የተሰበረው ቅንድቡ ነው። ደገመችው። በሁለተኛው ጠርሙሱም ተሰበረ፤ ማሩ፣ ኮኛኩና ደሙ ተደባልቆ በነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ልጅቷን ለቀቃትና ጠረጴዛውን ዘሎ አፍንጮን ጉሮሮዋን አነቃት። መደርደሪያው በላያቸው ወደቀ። የጽጌረዳው፣ የሎሚው፣ ሁሉም እየተንኮታኮተ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እሷ ከሥር ሆና በጥፍሯ ፊቱን ትቧጭራለች፤ እሱ ከላይ ሆኖ ያንቃታል፣ ጭንቅላቷን ከወለሉ ያጋጫል። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ፣ «ተው! ተው!» ትላለች። ማንን ተው እንደምትል አላወቅኩም።

እኔ ሮጬ ቤቴ ገባሁ። ሸሸች አትበሉኝ፤ ካውያዬን ልነቅል ነው የሄድኩት። የሰው ሱሪ ልተኩስ ሰክቼው ስለነበር ገና እንደጋለ ነው። ገመዱን እየጎተትኩ ተመለስኩና ትከሻው መሀል ላይ ጫንኩለት። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው አላልኩም? ያን ቀን በላዩ ላይ እንዳለ ተኮስኩለት። እንደዚያ ሲቃጠልም ድምፁ ያው አልወጣም፤ ጥርሱን ነክሶ እንደሚያቃስት ውሻ ነበር። የጨርቁና የሥጋው ሽታ በማሩ ላይ ሲጨመርበት እዚያው አስመለስኩ።

ፖሊሶች ሲደርሱ ቤቱ ውስጥ ያለነው አራታችንም በሽቶ በስብሰናል። ከበሩ ሳይገቡ አፍንጫቸውን ያዙ። «ምን ስትጠጡ ነው የዋላችሁት?» አለ አለቃቸው። ሽቶ ነው ብንለው ሳቀብን። «ኮኛክ እኮ ነው የሚሸተኝ፣ እናቴ፤ ሩምም አለበት» ብሎ ይከራከረኛል። ጣቢያ ወስደው አንድ በአንድ እፍ አስባሉን። አፍንጮ በሕይወቷ መጠጥ ነክታ አታውቅም፤ አንገቷ ላይ የሰውዬው አሥሩ ጣት ታትሞ፣ «እፍ በይ፣ ጠንከር አድርጊ» ይሏታል። እፍ ስትል ደም ወጣ።

የእኔን ቃል ለጎረቤቷ አድልታ ነው ብለው ስላልተቀበሉት ነገሩ ሁሉ በልጅቷ አፍ ላይ ነበር። እሷ ያየችውን ብትናገር እሱ ይታሰራል፤ ካልተናገረች የምትታሰረው ጎረቤቴ ናት። አለቃው፣ «ማነው የጀመረው?» አላት። ሾፌሩ አጠገቧ ተቀምጧል፣ ራሱ በፋሻ ተጠምጥሟል፣ ከመታ በኋላ ከላዩ ይተናል። ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሹክ አላት። እንባው ወርዷል።

«እሷ ናት» አለች ልጅቷ ወለል ወለሉን እያየች። «እሱ ምንም አላደረገም። እጄን በር ነው የያዘኝ።»

ተነስቼ ፀጉሯን ልይዛት ነበር፤ ፖሊሱ ነው የያዘኝ። አፍንጮ ግን አልተናደደችም። ልጅቷ ሰውዬውን ደግፋ ስትወጣ በዓይኗ ሸኘቻትና፣ «አላልኩሽም? ያስቀምጣል» አለችኝ።

እኔን ልታስጥል ነው ብለው በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ፤ እሷ ጥቂት ቀን ታስራ በእኔ ዋስትና ወጣች። ክሱ እስኪታይ ወደ ሱቋ ተመለሰች። የቀሩትን ጠርሙሶች ደረደረች፣ ወለሉን አጠበች፣ ደግማ አጠበች። የማሩ ሽታ ግን ከወለሉ ጣውላ አልወጣ አለ። ብርዱ በጠና ቁጥር፣ በሩን በዘጋን ቁጥር፣ ከእግራችን ሥር ይነሳል። እኔ ዳቦዬን ከሌላ መንገድ መግዛት ጀመርኩ። ያቺ ልጅ ፊት ብቆም በቦርሳዬ እንደማቀምሳት አውቃለሁ። አፍንጮ ግን ጠዋት ጠዋት እየሄደች ከእሷው እጅ ትገዛ ነበር። አይነጋገሩም። ልጅቷ ዓይኗን አታነሳም፣ አፍንጮ ዳቦዋን ተቀብላ ትወጣለች።

«አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ምንድነሽ?» ብዬ ጮህኩባት አንድ ቀን። «አሳስራሽ እኮ ነው!»

«እጇን ለማየት ነው የምሄደው» አለችኝ። «እስከ ዛሬ ሁለቱም ይሠራሉ።»

አንድ ጠዋት ዳቦውን የሸጠላት ሌላ ሰው ነበር። በማግስቱም ሌላ ሰው። አውቶብሱ ግን እንደወትሮው ያልፋል፤ ሾፌሩ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ይዞ፣ አሁንም አሮጊቶችን አቁሞ ይጠብቃል። አውቶብሱ ባለፈ ቁጥር አፍንጮ በሩ ላይ ትወጣለች። እሱም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደምን አደሩ፣ እናቴ» ይላታል።

ከዚያ በኋላ ነው፣ ቀትር ላይ፣ የሆነች ሴት ፊቷን በሻርፕ ሸፍና በግድግዳዬ ተደግፋ ስትሄድ ያየኋት። ለማኝ መስላኝ ነበር። አፍንጮ ቤት ገባች። ተከትዬ ስገባ ሻርፑን አውርዳለች። የዳቦ ቤቷ ልጅ ናት። አፍንጫዋ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ሁለቱም ቀዳዳዎቿ በጥጥ ተወትፈዋል፣ ከዓይኖቿ ሥር ጥቁርና ቢጫ ሆኗል። ስንት ጊዜ ሳዘጋጅ የከረምኩት ስድብ አፌ ውስጥ ደረቀ።

«በምን?» አለች አፍንጮ።

«በክርኑ» አለች። በአፏ ነው የምትተነፍሰው። «ሸሚዙን ሳጥብለት የሽቶው ሽታ አልለቅ ብሎኝ ነው። ሆን ብለሽ ነው አለኝ።»

አፍንጮ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠቻት። ለምን መጣሽ፣ ለምን እንዲያ ብለሽ መሰከርሽብኝ አላለቻትም። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ግንባሯ ላይ አደረገችላት። እኔም ምን እንደማደርግ ሲጠፋኝ የኮቷን የተበጠሰ ቁልፍ መስፋት ጀመርኩ።

ቁልፉን ሳልጨርስ አውቶብሱ ደጃፉ ላይ ቆመ። እዚያ ፌርማታ የለም። አፍንጮ አንገቷን ወደ በሩ ቀለስ አደረገች፤ ሰውዬው ገና አልገባም።

«ከመታ በኋላ መጣ» አለች ቀስ ብላ።

ከየት እንደገዛው እንጃ፤ ተነክሮበት ነው የመጣው። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እያዩ፣ እሱ ገብቶ ልጅቷ እግር ሥር ተንበረከከ። «የኔ ቆንጆ፣ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ» አለ። እንባው እውነተኛ እንባ ነው፣ አልዋሽም። «ያንቺን ሽቶ ተቀብቼ ነው የመጣሁት። እስኪ አሽትቺኝ። ያ ያኔ ልትሰጪኝ ያሰብሽው ነው።»

አፍንጮ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቆመች። አዲስ ድፍን ጠርሙስ አጠገቧ ነበር፤ አልነካችውም። እኔ በመርፌዬ ጣቴን ወግቼ ደሜ ይንጠባጠባል።

ልጅቷ አንገቷ ወደ እሱ ዘንበል አለ። ፊቷን ወደ አንገቱ አስጠግታ ሳበች። ደግማ ሳበች። ጥጥና የደረቀ ደም ነው እንጂ ምን ይገባላታል?

«አይሸተኝም» አለች፤ ራሷም የገረማት ትመስላለች። ቀና ብላ ፊቱን አየችው፤ ሰውየውን ያለ ሽታው ያየችው ያኔ ይመስለኛል። «ምንም አይሸተኝም።»

እሱ አሁንም ድምፁን አላነሳም። እጁ ግን ያንን ግራ አንጓዋን አገኘው። «ተነሽ» አላት። «ሰው እያየን ነው።» ጣቶቹ ሲጠብቁ፣ ጥፍሩ ሲነጣ አየሁ።

በቀኝ እጇ ከጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን ያዘች። ቀጭኑን ነው። ዓይኑ ውስጥ ረጨችው። ደግማ ረጨችው። መርጫውን ስትጫን፣ ስትጫን፣ ጠርሙሱ እስኪጎድል ረጨችው። የዚያን ሰው ጩኸት መንገዳችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ዓይኑን በሁለት እጁ ይዞ ተነሳ፣ ከመደርደሪያው ተጋጨ፣ ቡጢ ሲሰነዝር የበሩን መስታወት ሰበረውና ክንዱ እስከ ክርኑ ተተለተለ። ከዚያ ሮጠ። በደም ታጥቦ፣ እንደ ዕውር እየተደናበረ፣ ሩምና ትምባሆ እየሸተተ ወደ አውቶብሱ ሮጠ። ሁልጊዜ አቁሞ የሚጠብቃቸው አሮጊት መስኮቱ ላይ ነበሩ፤ «ወይኔ ልጆቼ! ጠጥቶ ነው እንዴ ሲነዳን የከረመው?» ብለው ጮኹ። ተሳፋሪዎቹ ተራ በተራ ወረዱ።

ልጅቷ ባዶውን ጠርሙስ ጨብጣ ቆመች። አፍንጮ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቃ ወሰደችባት።

«ይመለሳል» አለች ልጅቷ።

«ይመለስ። መርፌ ካውያዋን አትነቅልም» አለች አፍንጮ፣ መስታወቱን እየጠረገች።

እውነትም ተመልሷል፤ አንድ ቀን ሊያለቅስ፣ አንድ ቀን ሊደበድብ። እኔም አልነቀልኩም። ልጅቷ የአፍንጮ ጓዳ ውስጥ እየኖረች ነው። ጣቢያ ሄዳ የመጀመሪያ ቃሏን በራሷ አፍ አስቀየረች።

ጥጡን ያወጡላት ቀን አፍንጮ ከጥጉ ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዝታ መጣች። ልጅቷን በርጩማው ላይ አስቀምጣ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ አለቻትና ዳቦውን ከአፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። ልጅቷ ሳበች። ፊቷ ጨለመ። አንገቷን ወደዚህ አለች፣ ወደዚያ አለች፤ በመጨረሻ እንደ ዶሮ ቀለስ አድርጋ ደግማ ሳበች።

«ዳቦ» አለች። ዓይኗን ገልጣ፣ «ግን በአንዱ በኩል ብቻ ነው፣ እትዬ» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ይበቃል» አለች አፍንጮ። «ሳይቀዘቅዝ ቁረሺልን።»